ሚዜዬ የመረጠልኝ

ሰሞኑን ካዛንቺስ በኩል ሳልፍ ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክአፕ የምርጫ ካርድ ውሰዱ እያለች ትዞር ነበር። ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል ስትል ቆምኩና ምራቄን ተፋሁ። መኪናዋ ምን አጠፋች። ታፈሰ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ ወጣት ነኝ። ቄራ ቆዳ እጭናለሁ፣ ካዛንቺስ በቀበሌ ቤት እኖራለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ታፈሰ ሚዜዬ ነው፤ ቢሮ የሚሠራ፣ ከረባት የሚያስር። በሠርጌ ቀን ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ክር ያሰረልኝ እሱ ነው። ከእናቴ ልጅ አስበልጬ አምነው ነበር።

በዚያ ዓመት ጡረታ የወጡት የሰፈራችን መምህር፣ ጋሽ ዘለቀ፣ ለምርጫ በግል ተወዳደሩ። ምልክታቸው ጃንጥላ ነበር። ቀደም ሲል የቀበሌ ሰዎች ከቤቴ ሊያስወጡኝ ሲመጡ፣ ስለኔ የተከራከሩልኝ እሳቸው ናቸው። ውለታቸውን የምመልስበት ሌላ ነገር አልነበረኝም። መታወቂያዬን ይዤ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ፤ ስሜን አስመዘገብኩ፣ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቴን አተምኩ፣ ካርዴን ተቀበልኩ። ሚስቴ ከሠርጋችን ፎቶ ጋር ሳጥን ውስጥ አኖረችልኝ።

የምርጫው ዕለት ግንቦት ነው። ዘንቦ ስላደረ ጭቃው ጫማ ይስባል። ከሰልፉ ሳንወጣ ከታፈሰ ጋር ብስኩት በትኩስ ሻይ በላን። ከኋላችን የነበሩት ሴቶች፣ ሙሽራው ዛሬም ያለ ሚዜ አይሄድም እንዴ እያሉ ሳቁብን። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን አዩ፣ ጥፍሬን ቀለም ቀቡኝ፣ ወረቀቱን ሰጡኝ። ማን ይረዳሃል ሲሉኝ ታፈሰን አሳየኋቸው። እውነቱን ለመናገር ጃንጥላዋን ራሴም አላጣትም ነበር። ግን እስክሪብቶ ይዤ አላውቅም፤ መጋረጃው ውስጥ ስገባ እንደ ቢላ በጡጫዬ ጨበጥኩት።

«አምጣው፣ ታበላሸዋለህ» አለኝ ታፈሰ።

«ጃንጥላዋ ላይ ነው፣ እሺ?»

«አውቃለሁ ባክህ።»

ምልክት አድርጎ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። ዘርግቼ ማየት ነውር መሰለኝ። ሚዜን ማን ይፈትሻል? ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ስወጣ በቀጥታ ጋሽ ዘለቀ ቤት ሄጄ እርስዎን መርጫለሁ አልኳቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ።

ጋሽ ዘለቀ ተሸነፉ። በሳምንቱ ቄራ ሥጋ ቤት ከታፈሰና ከቢሮ ጓደኞቹ ጋር ጥሬ ሥጋ እየበላን ስለሳቸው አንስቼ አዘንኩ። ታፈሰ የጎረሰውን ሳይውጥ ሳቀ።

«አንተ ደግሞ እሳቸውን የመረጥክ መስሎሃል? ድምፅህን አላስባከንኩህም። እኔ የመረጥኩትን ነው የመረጥኩልህ።»

ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ለምን አልኩት።

«በቃ፣ አንተ ምን ታውቃለህ» አለኝና የአዋዜውን ሳህን ወደኔ ገፋ አደረገልኝ። ብላ ማለቱ ነው።

ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጥኩም።

ያቺ አንዲት ድምፅ ጋሽ ዘለቀን አታስመርጣቸውም ነበር፤ እሱን አላጣሁትም። ግን የኔ ነበረች። በዕድሜዬ አንድ ቀን ምን ትላለህ ተብዬ ብጠየቅ፣ ታፈሰ መለሰልኝ።

በመስከረም የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። በሚቀጥለው ምርጫ ብቻዬን ገብቼ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የጋሽ ዘለቀ ስም የለበትም፤ አርፈዋል። እውነቱን ልነግራቸው ስል ስል ነው የሞቱት።

ዛሬ ጋዜጣ ይዤ ያየኝ ሁሉ፣ ትዳር ይዘህ ፊደል የቆጠርክ፣ ጎበዝ ነህ ይለኛል። ምን ጉብዝና አለው፤ ቂም ነው ያስተማረኝ። እሱም ቢሆን ዘግይቷል። ሰውየው ላልሰጠኋቸው ድምፅ መርቀውኝ ሄደዋል።