አየሩን የምትመዝን ሽቦ

ልጄ ከድር እዚሁ ቆቦ ጋራዥ አለው። ባለፈው ሳምንት ምሳ ይዤለት ስሄድ ከጓደኛው ጋር ሲከራከር ደረስኩ። ጓደኛው የአንዱን መኪና አየር መዛኝ ሴንሰር ነቅለን፣ ሞተሩ በግፊት እንዲሠራ በኮምፒውተር እናስተካክለው ይላል። ከድር ደግሞ «ግፊቱ ግምት ነው፤ እውነቱን የሚነግርህ መዛኙ ነው» ይላል። እኔ የሞተር ሰው አይደለሁም። ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። ነገሩን ግን አውቀዋለሁ።

ነገሩን ባወቅሁበት ጊዜ ሮቢት የገባሁ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። ኅዳር ነው፤ ማሽላው ታጭዷል፣ ሜዳው አቧራ ብቻ ነው። ከወላጆቼ አገር ከዋጃ የመጣ ተሳፋሪ «አባትሽ ሕመሙ ጠንቶበታል፤ ቶሎ ትምጣ ብለዋል» አለኝ።

ባሌ ሰይድ ፒካፕ ከገዛ ገና ወሩ ነው። በፊት የሚነዳው አሮጌ የጭነት መኪና ነበር። የእነዚያ መኪኖች አየር ማጣሪያ ከሥሩ ዘይት ይደረግለታል፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይቀራል። የእኛ አገር ሾፌር ዘይት ያልነካው ማጣሪያ አያምንም። ሰይድም ለመንገዱ ብሎ የፒካፑን ደረቅ ማጣሪያ ዘይት ቀብቶ መለሰው።

ከሮቢት ሳንርቅ መኪናዋን ጀመራት። ቤንዚን ሲሰጣት ትንቀጠቀጣለች፣ ትጠፋለች። ሰይድ ካንዴላ ፈታ፣ ጠረገ፣ ገጠመ። የቤንዚኑን ጎማ በአፉ ነፋ። ቤንዚን የሸጠለትን ረገመ። አውቶቡስ ሲመጣ እጄን ዘረጋሁ፤ ሞልቶ ነበር፣ አልቆመም።

«ቆይ አንች፣ አሁን ትነሣለች።»

«አባቴስ ይቆያል?»

ተመልሶ ኮፈኑ ሥር ጎነበሰ።

እየቆምን እየተነሣን ቆቦ ስንገባ ፀሐይዋ ከአናት ዘንበል ብላ ነበር። መንገድ ዳር ሰዉ ጥንቅሽ እየላጠ ይመጥጣል፣ ይስቃል። ከእኔ በቀር ሁሉም ጊዜ ነበረው። መካኒኩ አያ አራጌ የአየሩን ቱቦ ፈታና ጣቱን ሰደደ። ዘይት ነው።

«ሰይዶ፣ ምነው እንደ ሙሽራ ቀባሃት?»

«ለአቧራው ነዋ! የወንድሜንም መኪና ቀብቻት የለም? ምን ሆነች?»

«የወንድምህ አየሩን አትመዝንም። የሞተሩን ዙርና የውስጡን ግፊት አይታ ትገምታለች። ይቺ መግቢያዋ ላይ በሽቦ ትመዝናለች። ሽቦዋን ዘይት አለበስካት፤ የገባውን አየር አሳንሳ ታወራለች፣ ሞተሩም ቤንዚን ይነፈጋል።»

ሽቦዋን አየኋት። ከፀጉር ብዙ አትወፍርም። አያ አራጌ አጥቧት እስክትደርቅ ቆምን። ሰይድ ቀና ብሎ አላየኝም። ለእኔ ብሎ ያደረገውን ሰው ምን ብዬ ልቆጣው? ቁጣዬን የማሳርፍበት አጣሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ በረረች። ዋጃ ስንደርስ የዐስር ሶላት ተሰግዷል። አባቴ ዓይኑ ተከፍቷል፤ አንደበቱ ግን ተይዟል።

«እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ያወራ ነበር፣ ልጄ» አለች እናቴ። «የምላት አለኝ ይል ነበር።»

ውሃ በማንኪያ አጠጣሁት። ዋጠልኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መግሪብ ሳይደርስ ዐረፈ።

ሰይድን አንድም ቀን አልወቀስኩትም። ደግ ባል ነው፤ ልጆቼም ደርሰውልኛል። ስሰግድ ስለዚያች ማንኪያ ውሃ አልሀምዱሊላህ እላለሁ፤ ከልቤ ነው። ከሶላቱ ስነሣ ግን አባቴ ምን ሊለኝ ነበር እያልኩ እንደገና እበሳጫለሁ። ምስጋናውም ብስጭቱም አንድ ልብ ውስጥ አሉ። አላህ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።