እርሳሱን የሚይዝ ሰው

እንጅባራ ሆስፒታል ስመደብ ገና መመረቄ ነበር። ለዓይን ምርመራ የተሰጠችኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ አንድ መስኮት፣ አንድ የፊደል ሰሌዳ፣ ሁለት ወንበር። ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ ዶክተር ማለት ደንብ ስለሆነ ታካሚው ሁሉ ዶክተር ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፣ ዓይን መርምሬ መነጽር የማዝ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ እያልኩ ማስረዳት ጀምሬ ነበር፤ ሰለቸኝና ተውኩት። ከሥራ ሰዓት በኋላማ ዶክተርም ብሎ የሚጠራኝ አልነበረም። ያደግኩት ደሴ ነው። አከራዮቼ እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአዊኛ ነው፤ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ሰላምታው ሲያልቅ ግን ወሬውም ያልቃል። እናቴ ጋ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም። ራቴን ቆሜ እበላ ነበር። ለአንድ ሰው ብሎ ማዕድ ማቅረብ ሞኝነት ይመስለኝ ነበር።

ልጅቷ የመጣችው በሚያዝያ ነው። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ያኔ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ገና አልቀረም ነበር፤ ካላለፉት ትምህርቱ እዚያው ያበቃል፣ የሚሰጠውም ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። መጽሐፍ ስትገልጥ ጥቂት መስመር ታነብና ፊደሉ ይደበዝዝባታል፣ ግንባሯን ይወቅራታል። አስተማሪዎቿ ሰነፍ አሏት። ቤተሰቦቿ ጸበል ወሰዷት። ሌላ ቦታ ታይታ ደግሞ ዓይንሽ ጤነኛ ነው ተብላ ተመልሳለች።

እኔም ሰሌዳውን ሳስነብባት እስከ መጨረሻው መስመር ወረደችው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሩቁን አጥርቶ ያየ ዓይን ቅርቡማ ምን ይሳነዋል ይላል። ደቃቅ ፊደል ያለበትን ካርድ ቀስ እያልኩ ወደ አፍንጫዋ አቀረብኩት። በእሷ ዕድሜ ያለ ዓይን አራት ጣት ያህል እስኪቀረው ድረስ አጥርቶ ማየት ነበረበት። የእሷ ገና ከስንዝር በላይ እየቀረው ደበዘዘባት። ዓይንሽ አልታመመም፣ ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር ነው የደከመው፣ ልምምድ ያበረታዋል አልኳት።

“ሰነፍ አይደለሁም ማለት ነው?” አለችና አለቀሰች።

ልምምዱን አሳየኋት። እርሳስ ላይ አንዲት ፊደል ይጻፋል፤ እርሳሱ ወደ አፍንጫ በዝግታ ይቀርባል፤ ፊደሏ ስትደበዝዝ ዓይን ወደ ሩቅ ይላካል፣ ከዚያ እንደገና ይመለሳል። ቤት ውስጥ ሰው ይያዝልሽ ብዬ ሸኘኋት። በሳምንቱ ስትመለስ ለውጥ የለም። ተናደድኩ። እርሳሱን ማን እንደሚይዝላት ጠየቅኳት።

“እኔው ነኝ” አለች።

ቤተሰቦቿ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ነው ያሉት፤ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ ተክለው ከሰል አክስለው የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እሷ እንጅባራ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። እሑድ ዱቄትና ድንቹን ተሸክማ ትመጣለች፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ናት። የገጠር ተማሪ ኑሮው እንዲህ ነው። እርሳሱን ራሷ ስትይዘው ደግሞ እጇ ለዓይኗ ያደላል፤ ዓይኗ ሊደክም ሲል እጇ ቀድሞ ይቆማል። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም። እንግዲያው ከትምህርት በኋላ እዚህ ነይ አልኳት። በቁጣ ነበር ያልኩት፤ በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም።

ታካሚ ሲያልቅ ትመጣለች። በመስኮቱ ትይዩ ዲከረንስ የለበሰ ኮረብታ አለ፤ ሩቃችን እሱ ነው። እኔ እርሳሱን አቀርባለሁ፣ እሷ “ጠፋ” ትላለች፣ ኮረብታውን ታያለች፣ “ጠራ” ትላለች። መጀመሪያ ላይ ንግግራችን ይኸው ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ገባና ጉም መውረድ ጀመረ። ጉም ሲወርድ ኮረብታው የለም፤ ኮረብታው ከሌለ ልምምዱ ግማሽ ነው። ስለዚህ እስኪገለጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ክፍሏ ጭር እንዳይልባት ጮክ ብላ እንደምታጠና የነገረችኝ ያኔ ነው። እኔም ቆሜ እንደምበላ ነገርኳት፤ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን። ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጥ አደረገችና፣ “ቁጭ ብለው ይብሉ እንጂ” አለችኝ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆጣ ብላ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሣ ሰማዩን አያለሁ። አገሩ ሁሉ ፀሐይ ሲመኝ እኔ ጉም እመኝ ነበር።

እርሳሱ ግን በየሳምንቱ እየቀረበ ሄደ። ፈተናው ሲቃረብ፣ አንድ ጥርት ያለ ከሰዓት፣ ካርዱን አቀረብኩት። አራት ጣት እስኪቀረው ድረስ ፊደሉ አልጠፋባትም። ደገምኩት፣ ያው ነው። መጽሐፏን አስከፍቼ ገጽ በገጽ አስነበብኳት፤ አልቆመችም።

“ነገም ልምጣ?” አለችኝ።

ትንሽ ይቀርሻል ማለት እችል ነበር። ልምምዱ ቢጨመር አይጎዳትም፣ ውሸት ነው የሚለኝም ሰው በከተማው የለም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ጥናት አለባት፤ ያ ሰዓት የእሷ ነው።

“አያስፈልግም” አልኳት። “ድነሻል።”

ጉንጬን ደጋግማ ሳመችኝ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና አሁን ቁጭ ብዬ እንደምበላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። በመስኮቱ ቆሜ መንገዱ ታጥፎ እስኪሰውራት ድረስ አየኋት፤ ኮረብታው ከነዛፉ ወለል ብሎ ይታያል።

ማታ ሳህኔን ይዤ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ሁለት ጎረስኩና ተነሥቼ ቆምኩ።