ፀጉር አስተካካዩ ለእህቱ የገባላት ቃል

ሰፈሩ «ጠበቃው» ይለዋል እንጂ ሥራው ፀጉር ማስተካከል ነው። መቀሱን ከያዘ የማይፈርደው ጉዳይ የለም፤ የባልና ሚስት ጠብ፣ የአጥር ክርክር፣ ዳኛው የከለከለው ፍጹም ቅጣት ምት ሳይቀር እዚያ ወንበር ላይ ውሳኔ ያገኛል። «ምን ታደርገዋለህ፣ ጆሮህ በእጁ ነው» ይላሉ ደንበኞቹ።

የታላቅ እህቱን ባል ያስገደለው አዛዥ ጎረቤት አገር ተይዞ ለዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ተላልፎ መሰጠቱን ሬዲዮ ሲናገር፣ ደንበኛውን ግማሽ ጢሙን እንደተላጨ ትቶት እህቱ ቤት በረረ።

«እትዬ፣ አለቀለት! አንዴ እጃቸው ከገባ የሁሉንም ደም ይጠየቃል።»

«የኛንም?»

«የኛንም! እኔ ልሙትልሽ!»

እህቱ ልጇን ያሳደገቻት አባትሽ በሕመም ነው የሞተው እያለች ነበር። ገዳዩ ሳይጠየቅ እውነቱን መንገር ልጅን ለቂም ማሳደግ ይመስላት ነበር። አሁን ወንድሟን አምና ሁሉንም ነገረቻት፤ እንዴት ከቤት እንደወሰዱት፣ የት ተጥሎ እንዳገኘችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የሕግ ሰው፣ እውነተኛው ጠበቃ፣ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ወዳጃችን ወሬውን በኩራት ጀመረለት። ሰውየው አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረለት እስኪጨርስ ሰማውና፣

«ተላልፎ የተሰጠው ገበያ አቃጥሏል በሚል ክስ ነው» አለ። «የእህትህ ባል የተገደለው ከዚያ በፊት፣ በሌላ ነገር ነው። ከተሰጠበት ድርጊት ውጪ፣ ቀድሞ በሠራው ሊከሱት አይችሉም። አሳልፎ የሰጠው አገር ካልፈቀደ በቀር።»

«ሰውየው እጃቸው ላይ እያለ?»

«እጃቸው ላይ እያለ። አገሩ የሰጠው ለዚህ ጉዳይ ብሎ ነው። ውሉ ካልተከበረ ነገ ማን አምኖ ሰው ይሰጣል?»

«ታዲያ ያስፈቅዱ እንጂ!»

«ሊያስፈቅዱ ይችላሉ። ላይጠይቁም ይችላሉ።»

«ጠበቃው፣ ዛሬስ ተረታህ!» ብሎ ተራ የሚጠብቅ አንድ ደንበኛ ሳቀ። የፀጉር አስተካካዩ ፊት ግን ጋለ። በመስታወቱ ከማንም ጋር ዓይን ለዓይን ላለመጋጠም፣ የተስተካከለውን ማጅራት ደግሞ ደጋግሞ አስተካከለው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ቤቱ በዙሪያ መንገድ መሄድ ጀመረ፤ በእህቱ በር ላለማለፍ። ኋላ ኅሊናው እምቢ ሲለው ሄዶ ነገራት። አልጮኸችበትም።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ፤ ለሷ ንገራት» አለችው።

ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን እየተኮሰች ነበር። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ነገራት። ካውያውን አቆመችው።

«አጎቴ፣ እማዬ፣ አባትሽ በሕመም ነው የሞተው ስትለኝ እኮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።»

ይቅርታ የሚለው ቃል እንኳ ከአፉ አልወጣም።

«እንዲያስፈቅዱ ለማን ነው የሚነገረው?» አለች።

«ያን የሕግ ሰው... እጠይቀዋለሁ።»

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለችው፤ ከእንግዲህ በእሱ አፍ ብቻ አታምንም። የቀረውን የሸሚዟን እጅጌ ተኩሳ እስክትጨርስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።