ቂሊንጦ ላይ የጠፉት ስሞች

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ሳሪስ አቦ

ዛሬ ወደ ቂሊንጦ የወጣሁት ልጣላ ነው። ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ፣ የሠራተኞቹን የሳንባ ምርመራ አይቶ ዳግም መመርመር ያለባቸውን የሚለይ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በእኔ ሊኑክስ ላፕቶፕ አርባ አንድ ሰው ያወጣል፤ በእነሱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር አሥራ ሁለት። ፋይሉ ያው፣ ፕሮግራሙም ያው። ሰው ነካክቶታል ብዬ ደምድሜያለሁ።

ሻይ በፓስቲ ቀማምሼ ሚኒባስ ያዝኩ። ከቃሊቲ በኋላ ጭጋግ ወረደ። በጎናችን የሠራተኛ ሰርቪስ ያልፋል፤ በየመስኮቱ አንድ አንድ ራስ ተደግፏል፣ አንዱም አይንቀሳቀስም። እንቅልፍ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ፊቴን አዞርኩ።

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ክሊኒኩ

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ክሴን ሰምታ ሳቀች።

«ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀም። ማንም አልነካውም። አሥራ ሁለቱን በባጅ ቁጥራቸው ጠራን፣ መረመርን፣ አለቀ።»

ኮሪደሩ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች። ሰው በአጠገቧ ያልፋል፤ ማንም ዞር ብሎ አያያትም።

«እሷስ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ተመላልሳለች። ዝርዝሩ ላይ ግን የለችም።»

ስሟን ጠየቅኳት።

«ሰዓዳ ሁሴን» አለችና ሳለች።

ይህን ስም ትናንት ቤቴ ሆኜ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ትንፋሻቸው ክፉኛ ካነሰው አንዷ ናት።

ኮምፒውተራቸውን ከፈትኩ። የስም ዓምዱ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አሮጌው ዊንዶውስ አማርኛውን ማንበብ አቅቶት በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ የጥያቄ ምልክት ተክሏል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ስም ከተደገመ አንዱን ብቻ ይይዛል። አበባ ታደሰ ሦስትና ሦስት ፊደል፣ ሰዓዳ ሁሴንም ሦስትና ሦስት። ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ አበባን ያዘ፣ ሰዓዳን ጣለ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ።

«እኔማ ሞታለች ተብዬ የተመዘገብኩ መስሎኝ ነበር» አለች ሰዓዳ፣ ሳትስቅ።

የምርመራውን ቱቦ ስትነፋ መሣሪያው እምብዛም አልቆጠረም። ሲስተር በዚያው ሰዓት የጥጥ ብናኝ ከሞላበት የክር ክፍል እንድትወጣ ጻፈችላት።

የቀሩትን ሃያ ስምንት በድምፅ ማጉያ ጠራን። ሃያ ስድስቱ አንድ በአንድ ከአቧራው ውስጥ ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ሁለቱ አልመጡም።

«እነሱ ባለፈው ሳምንት ሥራ ለቀው አገራቸው ገቡ» አለች ሰዓዳ። «ሳሉ አላስተኛ ብሏቸው ነበር።»

አሥር ሰዓት፣ ቤት

በሠላሳ ብር ታክሲ ተመለስኩ። ፕሮግራሙን ሰውን በባጅ ቁጥር እንዲለይ አስተካክዬ ላክሁላቸው፤ አሁን ሁለቱ ኮምፒውተሮች ይስማማሉ። በእኔ ማሽን ስለሠራ ብቻ ሠርቷል ማለት እንደማይቻል የተማርኩት በሰው ሳንባ ነው። አገራቸው የገቡት የሁለቱ ሴቶች ስም ከነስልክ ቁጥራቸው ላፕቶፔ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። ከምሳ ጀምሮ እየደወልኩ ነው፤ የሁለቱም ስልክ ዝግ ነው።