ያልፈረመችው ላም

ዛሬ ልጄ አዲስ ቤት ልትገዛ ውል ስትፈርም አብሬያት ሄጄ ነበር። «ማንኛውንም እንስሳ ማኖር ክልክል ነው» የሚለው አንቀጽ ሲነበብ ሳቄ አመለጠኝ። ጸሐፊዋ አሟት ነው ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ምን ላድርግ፣ ላሟ ትዝ ብላኝ ነው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ዳር ፉሪ አካባቢ፣ አዲስ በተሠራ የቤቶች ግቢ ውስጥ ቤት ስንገዛም ይኸው አንቀጽ ነበረበት። ከድመት እስከ ዶሮ ክልክል። ፈረምን።

በገባን በሳምንቱ ጠዋት በር ስከፍት አንዲት ቀይ ላም በረንዳችን ላይ ቆማ የባለቤቴን ሸሚዝ ታኝካለች። አጥር ገና አላጠርንም።

የግቢው ተቆጣጣሪ እየሮጠ መጣ። «ውል አፍርሳችኋል፤ ቤቱን ትለቃላችሁ» አለን። የኛ አይደለችም ብንል ማን ይስማን። ባለቤቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

ትንሽ ቆይተው የላሟ ጌታ፣ ጎረቤታችን ገበሬው ኦቦ ቶላ ደረሱ። ቤቶቹ ሳይሠሩ ቦታው ከብቶቻቸው የሚግጡበት ሜዳ ነበር።

«ኦቦ፣ እዚህ እንስሳ በውል ተከልክሏል» አላቸው ተቆጣጣሪው።

«የፈረሙት እነሱ ናቸው» አሉ ረጋ ብለው። «እሷ መቼ ፈረመች?»

ተቆጣጣሪው ወደ ላሟ ዞረ። ገፍቶ ሊያስወጣት ቢሞክር ጭራሽ በረንዳው ላይ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ቶላ ለሸሚዙ ካሳ ብለው በየጠዋቱ ወተት ይልኩልን ጀመር። ተቆጣጣሪውም ልክ ወተቱ ሲፈላ «እንስሳ አለ ወይ?» እያለ ለቁጥጥር ይመጣል። አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «የለም» ብሎ ይሄዳል።

እናንተ ቤትስ ውሉ ከልክሎት ዘው ብሎ የገባ ምን አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሳቅ።