የማይማታው

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሰሞን፣ አንድ ጎልማሳ ሰው በየገበያው ቀን ከጀውሃ በኩል እየመጣ ሸዋ ሮቢት፣ ናጅዋ የምትሠራበት ፕሌይስቴሽን ቤት ይገባ ነበር። በዚያ ሙቀት ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥና የድብድቡን ጌም ያስከፍታል። ናጅዋን ግራ የሚያጋባት ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው አይማታም። መጀመሪያ ላይ እሱ የሚያጫውተው ተደባዳቢ እንደ ማሾ ይወቃ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዝቅ ማለቱን፣ መመከቱን፣ ወደ ኋላ መዝለሉን ተካነበት። አንድም ጡጫ ሳያርፍበት ሰዓቱ ያልቃል፤ ማሽኑም አሸናፊ ያጣና አቻ ብሎ ይለያያቸዋል። ይሄኔ የሰውየው ፊት ይፈታል።

አንድ ቀን ናጅዋ አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ በዚህ ችሎታዎ ቢማቱ እኮ ማንም አይችልዎትም። መምቻው ይቺ ናት፣ ላሳይዎት?»

ጣቷን ከመጫወቻው ቁልፍ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው።

«መምታትማ፣ ልጄ፣ ማንም ሳያስተምረኝ ችዬበታለሁ። እስቲ ድገሚልኝ።»

ጌሙን እንደገና ከፈተችለት። ገና ማንም ሳይሰነዝርበት፣ የሰውየው ተደባዳቢ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።