የበረዶ ቆዳ

አባይነሽ ባዳቾ በየጠዋቱ፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት፣ የድመቶቿን ዓይን ትጠርጋለች። ለብ ያለ ውሃ በጣሳ ይዛ ወደ ጓሮው ክፍል ትገባለች። አንዷን ድመት ጉልበቷ ላይ ታስቀምጥና ጥጥ ነክራ፣ ጨምቃ፣ ከአፍንጫዋ ሥር ጀምራ ወደ ውጭ ትጠርጋለች። ፊታቸው ጠፍጣፋ ስለሆነ እንባቸው መውረጃ አጥቶ ጉንጫቸው ላይ ይደርቃል፤ ሳይጠረግ ከሰነበተ ቆዳቸውን ያቆስለዋል። ድመቶቹ አይታገሏትም። ነጭ ናቸው፤ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው፤ አብዛኞቹ አይሰሙም። በር ሲከፈት ቀና የሚሉት የወለሉ ጣውላ ሲርገበገብ እግራቸው ስለሚነግራቸው ነው።

ቤቷ ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከተማው ወደ ዳሞታ ተራራ ማቅናት በሚጀምርበት ሰፈር ነው። የምትተዳደረው የተማሪዎች የደንብ ልብስ በመስፋት ነበር። ባጃጅ የገጨው ውሻ፣ ክንፉ የተሰበረ ጭልፊት፣ እናቱ የሞተችበት ጠቦት ሁሉ እሷ ቤት ይመጣል። ጎረቤቷ ፀዳለ በአጥር ላይ እያየች «ዛሬ ደግሞ ማንን አስተኛሽ? ጅብ እንዳይሆን ብቻ!» ትላት ነበር።

ዘሯ የታወቀ ድመት ወደዚህ ቤት የገባችው በተከራይ በኩል ነው። ሶልያና ከአዲስ አበባ መጥታ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ወጣት ነበረች። የጓሮውን ክፍል ስትከራይ በረዶ የምትባል ነጭ የፐርሺያ ድመት ይዛ መጣች። በኋላ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የምትሄድበት ጊዜ ሲደርስ የምትተውላት ሰው አጣች።

«እትዬ አባይነሽ፣ እርስዎ ይያዙልኝ። አደራ።»

«አደራ ከባድ ነው፣ ልጄ። በርቢ ልያዛት።»

ርቢ የገጠር የከብት ውል ነው። ባለቤቱ ላሙን ለአርቢው ይሰጣል፤ አርቢው ይቀልባል፤ የሚወለደውን ይካፈላሉ፤ እናቲቱ የባለቤቱ እንደሆነች ትቀራለች። ላሟ ብትሞት አርቢው ቆዳዋን ገፎ ለባለቤቱ ያሳያል። ቆዳ ካላሳየ ሸጧታል ማለት ነው። የአባይነሽ አባት ጉኑኖ ውስጥ የአንድ ነጋዴ ላም በርቢ ይዘው ነበር። ላሟ በክረምት ገደል ገባች፤ ጎርፍ ወሰዳት። ባዳቾ ሽማግሌ ፊት ማሉ፤ ማንም አላመናቸውም። እስኪሞቱ ድረስ ከብቱን የሚሰጣቸው ሰው አልተገኘም።

ሶልያና ይህን አታውቅም ነበር። «ድመት በርቢ! እሺ ይሁን» ብላ ሳቀች። አባይነሽ አልሳቀችም።

ወንደሰን የሚባል የሆቴል ባለቤት ከአዲስ አበባ ያስመጣው የዚሁ ዘር ወንድ ነበረው። ከበረዶ ጋር እንዲገናኝ ሶልያና በስልክ ተስማማች፤ የበረዶን እናትና አያቶች ስም እየጠራችም ነገረቻት። አባይነሽ ስሞቹን በቃሏ ያዘች። የመጀመሪያዎቹ ግልገሎች ሲወለዱ የመጀመሪያዋን ለሶልያና፣ ሁለተኛዋን ለራሷ ለየች፤ የወንደሰንን ድርሻ ሰጠች። የሶልያናን ድርሻ ጤዛ አለቻት። ቀስ በቀስ ከባንክ፣ ከሆቴል፣ አንዴም ከሌላ ከተማ፣ ከገሱባ ድረስ ፈላጊ ይመጣ ጀመር። እህትን ከወንድም እንዳታገናኝ ሌላ ወንድ አስፈለጋት፤ ወንደሰን አስመጣ። የስፌት መኪናዋን ወደ ሳሎን አወጣችና የጓሮውን ክፍል ለድመቶቹ ለቀቀች።

በቀጣዩ ክረምት በረዶ መብላት አቆመች። የእንስሳት ሐኪሙ ይስሐቅ መጥቶ መርፌ ወጋት። «ኩላሊቷ ነው» አለ። በሦስተኛው ቀን እንደ ሁልጊዜው ዓይኗን ስትጠርግላት አባይነሽ ጉልበት ላይ ሞተች።

አባይነሽ ስልክ አልደወለችም። ሉካንዳ ቤት ቆዳ የሚገፍፉትን ጎረቤቷን ኤርሳዶን ጠራች። ኤርሳዶ አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቷንም በወንድ ነው የሚጠሩት።

«አባይ፣ እኔ የበሬ ሰው ነኝ። ድመት ገፈፈ ከተባልኩ ሥጋዬን ማን ይበላል?»

«ጋሽ ኤርሳዶ፣ ባለቤቷ መጥታ የት አለች ስትለኝ ምን ላሳያት?»

«መቃብሩን ነዋ።»

«አፈር መቆለል ማንን ያቅተዋል?»

ሽማግሌው ቢላቸውን አነሱ። ከእንሰቱ ጀርባ ሆነው ከነፊቷ ገፈፏት። አባይነሽ ቆዳውን ጨውና አመድ ነሰነሰችበትና ከቤቱ ደረቅ በሆነው ግድግዳ ላይ በትንንሽ ሚስማር ወጠረችው። ደረቁ ግድግዳ የድመቶቹ ክፍል ውስጥ ነበር። ቆዳው ዝቅ ብሎ ስለተወጠረ ጅራቱ ወለሉን ይነካ ነበር።

ሶልያና ስትደውል «በረዶ ደህና ናት?» ትላለች። አባይነሽ «አለች» ትላለች። ፎቶ ስትጠይቅ የጤዛን ትልካለች፤ እናትና ልጅ አይለዩም። በስልክ የሚነገር ሞት ሞት አይመስላትም ነበር። ባለቤቷ ስትመጣ በዓይኗ ታያለች፤ ያኔ ታምናለች፤ ድርሻዋ የሆኑት ድመቶችም በውሉ መሠረት ከአባይነሽ ጋር ይቀራሉ። ካላመነች ግን አባይነሽ እንደ አባቷ ትሆናለች። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይህ ብቻ ነበር።

ድመቶቹ መጀመሪያ ከግድግዳው ርቀው ተኙ። ከዚያ ቀስ በቀስ ተጠጉ። አመሻሽ ላይ በአንድ ረድፍ ይቀመጡና ፊታቸውን ወደ ቆዳው ያዞራሉ፤ ምግብ ሲቀርብላቸው እንኳ ሁሉም አይነሱም። ጤዛ ስትወልድ የተዘጋጀላትን ካርቶን ትታ ግልገሎቿን በአፏ እያነሳች ቆዳው ሥር ደረደረቻቸው። ከዚያ መስኮቱ ላይ ወጥታ ተኛች። ጤዛ ስታጠባቸው አባይነሽ አይታ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ጥጧን ይዛ ስትገባ የቆዳው የሆድ ጸጉር እርጥብ ነበር። ጸጉሩ በየቦታው ተልሶ፣ ግልገል በጠባው ጡት ዙሪያ እንዳለ ጸጉር ተጣብቋል። ግልገሎቹ ተኝተዋል፤ ሆዳቸው ሞልቷል። ቆዳውን ነቅላ አልጋ ሥር ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ግልገሎቹ ቀኑን ሙሉ ጮኹ፤ ለጤዛ ብትሰጣቸው ጡቷን አልያዙም። ሳይመሽ መልሳ ወጠረችው፤ ዝም አሉ።

ይስሐቅ ትልልቆቹን ድመቶች ለመከተብ ሲመጣ የጤዛን ጡት ጨመቀ። ደጋግሞ ጨመቀ።

«ወተት የላትም እኮ። በምን አሳደግሻቸው?»

አባይነሽ ጣሳውን ይዛ ወጣች።

ፀዳለ ወንፊት ልትዋስ መጥታ አንዴ ክፍሉን አየችው። አማተበች።

«በስመ አብ! ይህ ምንድን ነው?»

«ማስረጃ ነው።»

«አንቺ ሴት፣ ጸበል ያስፈልግሻል።»

«እኛ ጸበል አንጠመቅም።»

«እንግዲያው ፓስተርሽን ጥሪ! ለዚህስ ሁለቱም ቢመጡ አይበዛም።»

ሶልያና በጋ ላይ፣ ትምህርቷን ጨርሳ መጣች። አባይነሽ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ኤርሳዶን ለምስክርነት አስቀምጣ ጠበቀቻት። ሶልያና ከባጃጅ እንደወረደች ወደ ጓሮው ሮጠች፤ ጤዛን አነሳች፤ «በረዶዬ!» አለች። ከዚያ ፊቷን አራቅ አድርጋ አየቻት።

«ይህቺ በረዶ አይደለችም።»

አባይነሽ ከግድግዳው ፊት ዞር አለች።

ሶልያና ጤዛን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ገደልሻት» አለች። እስከዚያ ቀን አንቱ ስትላት ነበር።

«ሞተች። ይኸው ቆዳዋ።»

«ልጄ፣ አንገቱን እይ» አሉ ኤርሳዶ። «ቢላ አላረፈበትም። የታረደና የሞተ ቆዳ አንድ አይደለም። እኔ ነኝ የገፈፍኩት፤ ከሞተ በኋላ ነው።»

«ማን ቆዳ ጠየቃችሁ? ሞተች ብትይኝ እኮ አምንሽ ነበር!»

በወሬ ብቻ የሚያምን ባለቤት መኖሩን አባይነሽ አታውቅም ነበር።

«ድመቶቹ እኩል እኩል ናቸው» አሉ ኤርሳዶ ቀስ ብለው። «ርቢ ነው።»

«ድርሻዬን አልፈልግም። እነሱን ሳይ የማየው እሷን ነው። ቆዳዋን ስጪኝ፣ ልቅበራት። ድመቶቹ ያንቺ ይሁኑ።»

አባይነሽ ቆዳው ሥር የተኙትን ግልገሎች አየች።

«ትንሽ ብትቆዪ። እነዚህ ከፍ እስኪሉ ብቻ።»

«እነሱ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?»

ኤርሳዶ ወለሉን አዩ።

«ወይ ቆዳዋን አሁን ትሰጪኛለሽ፣ ወይ ሁሉንም ጭኜ እሄዳለሁ።»

አባይነሽ ሚስማሮቹን በመቀሷ ጫፍ አንድ በአንድ ነቀለች። ሶልያና ቆዳውን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ሕፃን እንደምትይዝ ይዛ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ባጃጁ ተነሳ። ድመቶቹ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም፤ ራሳቸው ብቻ፣ የሁሉም በአንድነት፣ ባዶውን ግድግዳ ተከትሎ ባጃጁ ቆዳውን ይዞ ወደሚወርድበት አቅጣጫ ቀስ እያለ ዞረ። ኤርሳዶ ባርኔጣቸውን አድርገው ሳይሰናበቱ ሄዱ።

ግልገሎቹ በማግስቱም የጤዛን ጡት አልያዙም። ይስሐቅ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጣት። አሁን ከዳሞታ ዳገት የምትወርድ ሴት በየጠዋቱ የፍየል ወተት ታመጣለች፤ አባይነሽ አፍልታ፣ አብርዳ፣ በጠብታ ትሰጣቸዋለች። ሁለቱ ሞተዋል። የተረፉት ምግብ መብላት ሲጀምሩ አንዱ ተሽጦ ገሱባ ይሄዳል።